ኳሷን የቀለበ ለምን ይመልሳት?

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 አንዲት ኳስ በአሜሪካ ጨረታ 4 ሚሊዮን 392 ሺህ ዶላር ተሸጠች። ክብደቷ 145 ግራም ገደማ ነው። ውጪዋ ቆዳ፣ ውስጧ ክር፣ ቡሽና ጎማ ነው። ከእሷ ጋር ከአንድ ፋብሪካ የወጣች እህቷ ከስፖርት ዕቃ መደብር በጥቂት ዶላር ትገዛለች። ልዩነቱን የፈጠረው ታዲያ ቆዳውም ክሩም አይደለም። ጃፓናዊው ሾሄይ ኦታኒ ሴፕቴምበር 19 ቀን ማያሚ ላይ በዱላ መትቶ ወደ ተመልካቹ መቀመጫ የላካት መሆኗ ነው። ኦታኒ በዚያች ምት በአንድ የውድድር ዘመን 50 ሆም ራን የመታና 50 ቤዝ የሰረቀ፣ በታሪክ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ።

ገንዘቡ የሄደው ግን ለኦታኒ አይደለም። ለክለቡ ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስም አይደለም። ኳሷን ለጨረታ ያቀረባት፣ ይዟት ከስታዲየም የወጣው ተመልካች ነው። በወቅቱ እንደተዘገበው ክለቡ 300 ሺህ ዶላር አቅርቦለት ነበር፤ አልቀበልም ብሎ ሄደ።

እንዲህ ዓይነት ነገር በተፈጠረ ቁጥር አንድ የማይቀር ወቀሳ ይሰማል። “ላቡን ያፈሰሰው ተጫዋቹ ነው። እሱ ያላገኘውን ተቀምጦ የሚያይ ሰው እንዴት ይወስዳል? ለስፖርቱ ፍቅር ሲል ቢመልሳት ምን ይጎድልበታል?” ይባላል። ወቀሳው ለጆሮ ይጥማል። በገበያ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ግን ቀሎ ይገኛል።

ልማዱ ከየት መጣ?

የእኛ አገር አንባቢ የሚያውቀው እግር ኳስን ነው። በእግር ኳስ ወደ ተመልካች የገባች ኳስ ትመለሳለች፤ ሦስት ጎል ያስቆጠረም ተጫዋች የጨዋታውን ኳስ ታቅፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በቤዝቦል ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ተመልካቹ መካከል የወደቀች ኳስ የቀለባት ሰው ንብረት ናት። አባትና ልጅ የኳስ ጓንት አጥልቀው ስታዲየም የሚገቡት በዚህ ተስፋ ነው።

ልማዱ ከሰማይ አልወረደም። ቀድሞ ክለቦች ጠባቂ እየላኩ ኳሳቸውን ከተመልካች እጅ ይቀበሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1916 የቺካጎ ከብስ ባለቤት ተመልካቹ ኳሱን እንዲያስቀር ፈቀዱ። በ1921 ደግሞ ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ተመልካች የቀለባትን ኳስ አልመልስም በማለቱ ከስታዲየም ተባረረ። ክለቡን ከሰሰና 100 ዶላር ተፈረደለት። ከዚያ ወዲህ ክለቦቹ አንድ ነገር እየገባቸው መጣ፤ በአንዲት ኳስ ኪሳራ ብዙ ቲኬት ይሸጣል። ኳስ የማግኘት ዕድል ከቲኬቱ ጋር አብሮ የሚሸጥ ዕቃ ሆነ።

ለአንድ መቶ ዓመት ዕድሉን ሲሸጥ የኖረ ክለብ፣ ዕድሉ የወጣለትን ሰው “መልስ” ሊለው የሚችልበት ምክንያት የቱ ነው? ሎተሪ አዟሪ አንደኛው ዕጣ ሲወጣ ቲኬቱን መልሱልኝ አይልም።

ወርቅ ላበደረ

በዚያች ሆም ራን ዙሪያ የተሰለፈውን ሁሉ እንቁጠር። ተጫዋቹ ደመወዝተኛ ነው። ክለቡ ቲኬትና ማልያ ይሸጣል። ቴሌቪዥኑ ማስታወቂያ ይሸጣል። ሁሉም ነግዶ ሲያበቃ፣ ለፍቅር ብሎ እንዲሠራ የሚለመነው ከሁሉም ያነሰ ገቢ ያለው፣ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው።

ለፍቅር የመለሱ ምን አገኙ? እ.ኤ.አ. በጁላይ 2011 የኒውዮርክ ያንኪስ ኮከብ ዴሬክ ጂተር 3 ሺህኛ ምቱን በሆም ራን አስመዘገበ። ኳሷን ያገኛት የ23 ዓመት የሞባይል ስልክ ሻጭ ነበር። የትምህርት ዕዳ ነበረበት። የአጫራቾች ግምት እስከ 250 ሺህ ዶላር ይደርስ ነበር። ወጣቱ ያለ አንዳች ክፍያ መለሰ። ክለቡም የክብር መቀመጫና ፊርማ ያረፈባቸው ዕቃዎች ሰጠው። ወዲያው የግብር አዋቂዎች የተሰጠው ስጦታ ራሱ ግብር ሊያስከፍለው እንደሚችል መናገር ጀመሩ። በፈቃዱ ያደረገው ስለሆነ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ሒሳቡ ግን ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 የሆነው ደግሞ ከዚህ ይከፋል። ኦታኒ ለዶጀርስ የመጀመሪያውን ሆም ራን ሲመታ ኳሷ አንዲት ሴት ተመልካች እጅ ገባች። ግምቷ ወደ 100 ሺህ ዶላር ነበር። ሴትዮዋ እንደተናገረችው የጥበቃ ሠራተኞች ከባለቤቷ ነጥለው አነጋገሯት፤ ኳሷን ይዛ ከወጣች ትክክለኛነቷን ክለቡ እንደማያረጋግጥላትም ተነገራት። በመጨረሻ በፊርማ ኮፍያዎች፣ በአንድ ዱላና በሌላ ኳስ ለወጠች። ወሬው ከተሰማ በኋላ ክለቡ ለማካካስ ሞክሯል። ወርቅ ላበደረ ጠጠር የሚባለው እንግዲህ ይኸው ነው።

እውነት ነው፣ መስጠትን የመረጠ መስጠት መብቱ ነው። ማርክ ማግዋየር እ.ኤ.አ. በ1998 62ኛውን ሆም ራን መትቶ የ37 ዓመት ሪኮርድ ሲሰብር፣ ኳሷን ያነሳት የስታዲየሙ ሠራተኛ እዚያው ለባለቤቱ አስረከባት። ዋጋዋ ብዙ መሆኑ ለወራት ሲወራ ስለነበር የሚሰጠውን ያውቅ ነበር። ስጦታ ስጦታ የሚሆነው ሰጪው የሰጠውን ነገር ዋጋ ሲያውቅ ነው። ዋጋውን ሳያውቅ፣ በግርግር መሃል፣ በጠባቂ ተከቦ የሰጠ ሰው ግን ለገሰ አይባልም፤ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ተቆረጠ ነው የሚባለው።

ሽያጭና ፍቅር የማይታረቁ ጠላቶች ናቸው የሚሉም ተሳስተዋል። እ.ኤ.አ. በ1961 ሮጀር ማሪስ 61ኛውን ሆም ራን ሲመታ ኳሷን የቀለበው የ19 ዓመት የጭነት መኪና ሾፌር ሊመልስለት ቀርቦ ነበር። ሽጣት ብሎ የመከረው ማሪስ ራሱ ነው። አንድ የካሊፎርኒያ ምግብ ቤት ባለቤት በ5 ሺህ ዶላር ገዛትና ለማሪስ ሰጠው። በኋላም ኩፐርስታውን የሚገኘው የቤዝቦል ሙዚየም ገባች። ሾፌሩ ገንዘብ አገኘ፣ ገዢው ስም አገኘ፣ ተጫዋቹ ኳሱን አገኘ፣ ሕዝቡም ታሪኩን አገኘ። ማንም አልተጎዳም።

የቀለበ ሁሉ ባለቤት ነውን?

ይህ ሲባል ግን ኳስ የቀለበ ሁሉ ሀብታም ሆነ ማለት አይደለም። በዚህ ገበያ ሦስት አደጋዎች አሉ።

የመጀመሪያው ማስረጃ ነው። አንዷን ኳስ ከሌላዋ የሚለያት በዓይን የሚታይ ነገር የለም። ስለዚህ በ1998 ሪኮርዱ ሲቃረብ ለማግዋየር የሚወረወሩት ኳሶች በዓይን የማይታይ ምልክት ተደርጎባቸው ነበር። ከ2001 ጀምሮ ደግሞ ሊጉ ዕቃዎቹን በራሱ አረጋጋጮች እያስመሰከረ የሆሎግራም ምልክት ይለጥፍባቸዋል። ያለ ማረጋገጫ የሚሊዮን ዶላር ኳስ የልጆች መጫወቻ ናት። የሚሸጠው ቆዳው ሳይሆን ወረቀቱ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው። ከላይ የተነገረላት ሴት የተሸነፈችውም በዚሁ ነው፤ ክለቡ ኳሷን ባይወስድ እንኳ ማረጋገጫውን ሊነፍጋት ይችል ነበር።

ሁለተኛው የባለቤትነት ክርክር ነው። ባሪ ቦንድስ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 2001 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ 73ኛውን ሆም ራን ሲመታ ኳሷ የአንድ ሰው ጓንት ውስጥ ገባች። ወዲያው ሕዝብ ተረባረበበትና ወደቀ። ኳሷ ስትንከባለል ሌላ ሰው፣ በግፊያው ውስጥ እጁ የሌለበት፣ አንስቶ ኪሱ ከተተ። የመጀመሪያው ከሰሰ። ዳኛው “መያዝ” ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለመወሰን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ዓሣ ነባሪና ስለ ቀበሮ አደን የተሰጡ ፍርዶችን ሳይቀር መረመሩ። በዲሴምበር 2002 ኳሷ ተሽጣ ገንዘቡ እኩል ይካፈል ብለው ፈረዱ።

ክሱ ሲጀመር ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ታወጣለች የተባለችው ኳስ በጁን 2003 በ450 ሺህ ዶላር ተሸጠች። ለእያንዳንዳቸው 225 ሺህ ዶላር መሆኑ ነው። የከሳሹ ጠበቃ ግን ከ470 ሺህ ዶላር በላይ ይከፈለኝ ብሎ ደንበኛውን ከሰሰ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይህ ነው። ሁለቱ ሰዎች በመጀመሪያው ሳምንት ቢስማሙ ኖሮ ይዘውት የሚሄዱት ገንዘብ ከዚህ በብዙ ይበልጥ ነበር። በኦታኒ ኳስም ላይ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ቀድሜ ይዣት ነበር ሲል ከስሷል፤ ፍርድ ቤቱ ግን ጨረታው እንዲቀጥል ፈቀደ።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ይህች ኳስ እንደ ወርቅ አይደለችም፤ ዋጋዋ በሌላ ሰው ስም ላይ የተንጠለጠለ ነው። ማግዋየር በ1998 የውድድሩን ዘመን የዘጋባት 70ኛዋ ኳስ በ1999 መጀመሪያ መዶሻው 2 ሚሊዮን 700 ሺህ ዶላር ላይ ወደቀላት፤ ከኮሚሽኑ ጋር ከ3 ሚሊዮን ዶላር አለፈች። ገዢው የካርቱን መጽሐፍ ፈጣሪው ቶድ ማክፋርሌን ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ቦንድስ ሪኮርዱን ሰበረው። በጃንዋሪ 2010 ደግሞ ማግዋየር የተከለከለ ጡንቻ ማዳበሪያ ይወስድ እንደነበር በራሱ አንደበት አመነ። ዛሬ ያቺ ኳስ የድሮ ዋጋዋን ታወጣለች ብሎ የሚከራከር ሰብሳቢ ማግኘት ይከብዳል። ያተረፈው በወራት ውስጥ የሸጠው ቀላቢ ነው።

ቶሎ መሸጥ ሲባል ግን መጀመሪያ የመጣውን ገዢ መያዝ ማለትም አይደለም፣ ገበያው ሁልጊዜ ይጨምራል ማለትም አይደለም። አሮን ጃጅ በኦክቶበር 2022 የመታት 62ኛ ኳስ በኢንቨስትመንት ሙያ ላይ ባለ ተመልካች እጅ ገባች። አንድ አጫራች ድርጅት 2 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ ብሎ በይፋ ተናገረ። ሰውየው ጨረታን መረጠ፤ በዲሴምበር 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ዶላር ወጣች። ሙያተኛውም ይሳሳታል። በሌላ በኩል ደግሞ የ300 ሺህ ዶላሩን እምቢ ያለው ሰው ኳስ ከ4 ሚሊዮን አልፋለች። ልዩነቱ ያለው ዋጋ አቅራቢው ማን እንደሆነ በማወቅ ላይ ነው። ክለቡ የሚያቀርበው ገና ጨዋታው ሳያልቅ፣ ሌላ ተወዳዳሪ በሌለበት ነው። ብቸኛ ገዢ የሚጠራው ዋጋ የገበያ ዋጋ አይባልም።

ግብር ሰብሳቢውም አለ

በ1998 የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት ቃል አቀባይ ኳሷን ለተጫዋቹ የመለሰ ሰው የስጦታ ግብር ሊጠየቅ ይችላል በማለታቸው አገር ተንጫጫ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ወዲያው የመለሰ ሰው ግብር እንደማይጠየቅ በመግለጽ ነገሩን አበረዱት። የሸጠ ግን ይከፍላል። ለስብስብ የሚያዙ ዕቃዎች ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተው ሲሸጡ የትርፉ ግብር እስከ 28 በመቶ ይደርሳል። የቦንድስን 756ኛ ኳስ በ2007 ያገኘው የ22 ዓመት ወጣት አስቀምጣለሁ ብሎ ከቆየ በኋላ ወደ ጨረታ የሄደው የግብሩን ነገር ፈርቶ መሆኑን ተናግሯል። 752,467 ዶላር አወጣችለት።

የሚበጀው

ክለቦቹ ፍቅርን ከመስበክ ይልቅ ሊያደርጉት የሚገባ ቀላል ነገር አለ። ሪኮርድ ሲቃረብ ኳሷን በስንት እንደሚገዙ አስቀድመው ያስታውቁ። ኳሷን ይዞ የወጣም ሆነ የሸጠላቸው ተመልካች እኩል ማረጋገጫ ያግኝ። ለመወሰንም ጥቂት ቀናት ይሰጠው። ከዚያ በኋላ መመለስ የፈለገ ይመልስ፣ መሸጥ የፈለገ ይሽጥ። የመለሰውም በእርግጥ ለጋስ መባል የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

ይህ እስኪሆን ድረስ ኳሷ እጁ የገባች ሰው ማረጋገጫውን ሳይይዝ ከስታዲየም አይውጣ፤ የሚከራከረው ካለ ጠበቃ ሳይገባ ይስማማ፤ የሚያስቀምጥ ከሆነም ያስቀመጠው ቆዳ ሳይሆን የሌላ ሰው ስም መሆኑን ይወቅ። ስግብግብ የሚለው ሰው ሲመጣ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጠይቀው፤ “አንተስ ቲኬቱን በነፃ ሰጥተኸኝ ነበር?”