ቀፎ ማልበስና ብዕር ማዳን

በየስጦታ ዕቃ መደብሩ መስተዋት ውስጥ ያጌጠ ብዕር ሞልቷል። አንዱ ቀፎው በባለ ቀለም ክር ተጠልፎ የተመራቂ ስም የወጣበት እስክሪፕቶ ነው። ሌላው ቆዳ ለብሶ፣ በሳጥን ተኝቶ ለሹምና ለእንግዳ የሚበረከት፣ ቀለም የሚሞላ ብዕር ነው። ሰጪው ይጨበጨብለታል፤ ተቀባዩም ከኮቱ ኪስ ላይ ይሰካዋል። ለመሆኑ ከእነዚህ ተቀባዮች መካከል ብዕሩን ቀለም ሞልቶ አንድ ገጽ የጻፈበት ስንቱ ነው? ቀለሙስ የት ይሸጣል? ጫፉ የታጠፈ እንደሆነ ማን ያቀናዋል? እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሳ ሰው የሰው ደስታ እንደሚያደፈርስ ሆኖ ይታያል። ይታይ! ጥያቄዎቹ ግን መልስ ይፈልጋሉ።

ይህ ጸሐፊ ማስጌጥን የሚጠላ አይደለም። ቀፎው የተሰነጠቀ ብዕር ሲገጥመው ሙያውን የሚያውቅ ጠጋኝ የሚያደርገውን እንመልከት። በአንዳንድ ብዕሮች ቀፎው ራሱ የቀለሙ ቋት ነውና በስንጥቁ አየር ሲገባ ቀለሙ በጽሑፉ ላይ ይንጠባጠባል፤ ጣትም ያቆሽሻል። ስለዚህ ጠጋኙ በመጀመሪያ ስንጥቁን ይደፍናል። ከዚያ አሮጌውን ቀፎ በልኩ ሞርዶ አዲሱን ሽፋን ያለብሰዋል። ሽፋኑ ወፍሮ ክዳኑ አልገጥም እንዳይል፣ ማጠፊያው ጥርስ እንዳይያዝ፣ ክብደቱም እጅ እንዳያደክም ይጠነቀቃል። በመጨረሻ ቀለም ሞልቶ ይጽፍበታል። ካልጻፈ ሥራው አልተፈጸመም። እንዲህ ያለውን ሽፋን ጥገና እንለዋለን። ስንጥቁን ሳይደፍኑ ማልበስ ግን ጉድለትን መሸፈን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከላይ ሲያዩት አይታወቅም፤ ሲጽፉበት ነው የሚለየው።

ቢክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950 ርካሹን እስክሪፕቶ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ዓለም ሲያልቅ የሚጣል ብዕር ለመደ። ርካሽነቱ ድሃውን ተማሪ ጠቅሟልና አይወቀስም። ነገር ግን ከተጣለው ቀፎ ጋር የመጠገን ልማድም አብሮ ተጣለ። የቀረልን ቀፎውን ማስጌጥ ብቻ ነው።

ነገሩ በእስክሪፕቶ ቢያበቃ ኖሮ ወረቀት ባላባከንን ነበር። ይኸው ልማድ ወደ ትልቁ ቤት፣ ወደ ብራና መጻሕፍታችን መዝለቁ ነው የሚያስፈራው። ይህንንም ለማስረዳት ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ መድረስ ይበቃል።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ስሙ ከብዕር ተለይቶ አይነሳም። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1248 ወደ ሐይቅ ሲመጡ ከምናኔያቸው ጋር የጸሐፊነት ሙያ ይዘው ነበር። ገዳሙን የመጻሕፍትና የትምህርት ቤት አደረጉት። በኋላ ዘመን አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫን የመሰለ ደራሲ የተማረው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1280/81 ለገዳሙ የተበረከተው ወንጌል ዛሬ የአገራችን ታሪክ ተመራማሪዎች ከሚመኩባቸው ቀን ያላቸው ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት አንዱ ነው። የመሥራቹ የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ሥዕል በውስጡ አለ። ለገዳሙ ስለተሰጡ መጻሕፍትና ንዋያት የሚናገር ዝርዝርም ተጽፎበታል። ልብ በሉ! ከወንጌሉ ቃል ጎን የገዳሙ መዝገብ ሰፍሯል። አባቶቻችን ሊጠፋ የማይገባውን ማስታወሻ ሁሉ ከማይጣለው መጽሐፍ ላይ ይጽፉ ነበርና።

የእነዚህን መጻሕፍት አሠራር ላጤነ ሰው ልብስ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የፍየል ቆዳ ይነከራል፤ በእንጨት ላይ ይወጠራል፤ ይፋቃል፤ ይደርቃል። መስመሩ በወስፌ ጫፍ ይጫናል። ብዕሩ ከመቃ ወይም ከሸምበቆ ይቀረጻል። ብዕር የምንለው ቃል ራሱ ብርዕ ከሚለው የግእዝ ቃል የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ያው ሸምበቆ ነው። ጫፉ ይሰነጠቅና ቀለሙ በስንጥቁ ይወርዳል። ሲዶለዱም እንደገና ይቀረጻል፤ እየተቀረጸ ያጥራል፤ እስኪያልቅ ይጽፋል። የመቃ ብዕር ጥገናው መቀረጹ ነው፤ ማንም ሐር አያለብሰውም።

ቆዳው ሲፋቅ ቢቀደድ ጸሐፊው በክር ይሰፋዋል። ያልተሰፋ ቀዳዳ ቢቀር ቃሉን ከወዲህና ከወዲያ አድርጎ ያልፈዋል እንጂ በሥዕል አይሸፍነውም። ስፌቱ ከመቶ ዓመታት በኋላም ይታያል፤ ማንም አላፈረበትም። መጽሐፉ ሲያልቅ በሁለት የእንጨት ገበታ መካከል ይጠረዛል። ገበታው በቆዳ ይለበጥና በጋለ ብረት ሐረግና መስቀል ይደጎስበታል። ከዚያ ማኅደር ይሰፋለታል፤ ማኅደሩም በጠፍሩ ከግድግዳ ችካል ላይ ይሰቀላል። ገበታው ብራናው እንዳይጣመም ይጫነዋል። ማኅደሩ ከአቧራ፣ ከአይጥና ከመንገድ ዝናብ ይጠብቀዋል። ጌጥ ነው፤ ሥራ ግን አለው። ሥርግው ሀብለ ሥላሴ ስለ ኢትዮጵያ መጽሐፍ አሠራር በእንግሊዝኛ ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተሙት መጽሐፍ ይህ ሁሉ ምን ያህል የረቀቀ ሙያ እንደሆነ ይመሰክራል።

ዛሬስ? ቸር ምእመን ወይም የእድሳት ኮሚቴ ያረጀ መጽሐፍ ሲያይ የመጀመሪያ ሐሳቡ «አዲስ ልብስ እናልብሰው» የሚል ነው። አሳቡ ቅን ነው። ነገር ግን ሥራው ሙያ ለሌለው እጅ ሲሰጥ የቀድሞው ስፌት ይበጠሳል። የተነካካው ጠርዝ ይከረከማል፤ ከጠርዙ ጋር የኅዳግ ማስታወሻው ይሄዳል። ከፊትና ከኋላ ያሉት «ባዶ» ቅጠሎች ቆሽሸዋል ተብለው ይነቀላሉ። እነዚያ ቅጠሎች ግን የርስት ስጦታ፣ የውሰት፣ የሹመትና የክርክር ማስታወሻ የሚሰፍርባቸው ናቸው። አሮጌው ገበታ ከድጉሱ ጋር ይጣላል። በምትኩ ወርቃማ ጥለት ያለው ከፋይ ይለበስና ለዓመት በዓል ይወጣል። ሕዝቡ እልል ይላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። በቱሪስት ገበያ ዋጋ እንዲያወጣ ተብሎ በጥንታዊ ብራና ላይ አዲስ ሥዕል ይጨመራል፤ መጽሐፉ ይበተንና ቅጠል በቅጠል ይሸጣል። ይህን የሚያደርገው ሰው ብራናውን አጌጥኩት ይላል። ቀፎ የማልበስ ፍልስፍና መጨረሻው ይኸው ነው።

ሁለት መከራከሪያዎች ይቀርቡብናል። የመጀመሪያው «ማስጌጡ ለወጣቱ እንጀራ ሆኗል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ክር ጠልፎ የሚያድር ልጅ ምስጋና ይገባዋል። ግን ያ የሰለጠነ ጣት ከጥልፍ ሌላ ድጉስ፣ ጥረዛና የብዕር ጥገና ቢማር እንጀራው ይሰፋል እንጂ ይጠባልን? የቆዳ ፋብሪካ የተተከለባት ኮምቦልቻ ከሐይቅ ሩቅ አይደለችም። ቆዳውም እጁም አለ። የጎደለው ለሙያው የሚከፍል ሰው ነው። ለከፋዩ ሳይሰስት የሚከፍለው ለጋሽ ለቁም ጸሐፊው ሲሆን ለምን ይከራከራል?

ሁለተኛው «መጻሕፍቱ ፎቶ ተነስተዋል፤ ምን ያሳስባችኋል» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በተካሄደው የኢትዮጵያ ብራና ማይክሮፊልም ሥራ የሐይቁ ወንጌል በቁጥር 1832 ተቀርጿል። ይህ ታላቅ ውለታ ነው። ጦርነት በ2014 ዓ.ም. ደቡብ ወሎ በደረሰ ጊዜ ቅጂ ምን እንደሚጠቅም ሁሉም ተረድቷል። ነገር ግን ፎቶው ገጹን ያሳያል እንጂ ብራና መፋቅ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ ስፌት መመለስ አያስተምርም። ሙያው የሚተርፈው ከመምህር እጅ ወደ ደቀ መዝሙር እጅ ሲሻገር ነው። ያ ሰንሰለት ከተቆረጠ ፎቶው ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል።

ከሐይቅ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ወደ ሰሜን ቢቀጥሉ ደግሞ የአምባሰል ወረዳዋ ውጫሌ ትገኛለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ውል የተፈረመባት ናት። ያ ውል በምን ዓይነት ብዕር እንደተፈረመ፣ ቀፎው ብር ይሁን እንጨት፣ የሚጠይቅ የለም። የሁሉም ዓይን ያረፈው በአንቀጽ 17 ላይ ነው። አማርኛው ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ አማካይነት መጠቀም እንደሚችሉ ሲል፣ የኢጣሊያንኛው ግዴታ አደረገባቸው። ከአንድ ግሥ የተነሳው ልዩነት ውሉን አስፈረሰ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ አደረሰን። አምባሰል ስለ ብዕር የምታስተምረው ይህን ነው። አገር የሚጠበቀው ብዕሩ በሚጽፈው ቃልና ቃሉን በሚያነብ ዓይን ነው።

እንግዲህ ነቀፋ ብቻ እንዳይሆን የምንጠይቀውን በግልጽ እንናገር። ያረጀ መጽሐፍ ሲታደስ አሮጌው ገበታና ቅጠል አይጣል፤ ከመጽሐፉ ጋር በማኅደሩ ይቀመጥ። ያደሰው ባለሙያ ምን እንደለወጠና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደለወጠ በተለየ ቅጠል ይጻፍ። ለልብሱ ገንዘብ የሚያወጣ ለጋሽ በመጀመሪያ ለጸሐፊውና ለጠራዡ የድካም ዋጋ፣ ለደቀ መዝሙሩም የዕለት ቀለብ ይቁረጥ። ብዕር የሚሸጥ ነጋዴ ቀለሙንና መለዋወጫውን አብሮ ያቅርብ። ብዕር የሚሸልም መሥሪያ ቤትም ተሸላሚው ጽፎ እንደሆነ ይጠይቅ።

አልባሹ ሁሉ ልብሱን ከመቁረጡ በፊት አንድ ፈተና ይበቃዋል። ብዕሩን ቀለም ነክሮ ይሞክረው። ከጻፈ ያልብሰው፤ እጁን የሚከለክለው የለም። ካልጻፈ ግን ክሩን ያስቀምጥና ጠጋኝ ይፈልግ። ጠጋኝ ያጣ እንደሆነ ደግሞ ለምን እንዳጣ ራሱን ይጠይቅ፤ ገንዘቡን ለማን ሲከፍል እንደኖረ ያውቀዋልና።