ጀማሪ ሰው ስለሚጥለው የኮክ ወይን ጠጅ

ኮክ በገበያ በበዛና ዋጋው በረከሰ ጊዜ፥ ፍሬው ሳይበላሽ ወይን ጠጅ ልጣልበት የሚል ሰው አይታጣም። አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው፥ ሥራውን ሞክሮት የማያውቅ ሰው በመጀመሪያው ቀን ጋን ሙሉ መጣሉ ነው። ጋን ሙሉ የተበላሸ መጠጥ ለመድፋት የሚጨክን ሰው ጥቂት ነውና፥ የኮመጠጠው በስኳር ተሸፍኖ ለእንግዳ ይቀርባል። አራት ሊትር ግን ቢበላሽ ያለ ብዙ ኀዘን ይደፋል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ጀማሪ ከአራት ሊትር በላይ መጣል አይገባውም።

የፍሬውን ጭማቂ ወደ ጠጅ የሚለውጠው እርሾ ሕይወት ያለው ረቂቅ ፍጡር መሆኑን ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1857 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረገው ምርምር አስረድቷል። እርሾ ስኳሩን እየበላ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያወጣል። ነገር ግን በዚያው ፍሬ ልጣጭ፥ በእጃችንና በዝንብ እግር ላይ ሌሎች ረቂቅ ፍጡራን አሉ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ አየር ባገኙ ጊዜ አልኮሉን ኮምጣጤ ያደርጉታል። የጠጅ ጣዩ ሙያ እንግዲህ እርሾውን መርዳትና ሌሎቹን መከልከል ነው።

እናቶቻችን እንስራውን በግራዋ ቅጠል አሽተው በወይራ ጭስ የሚያጥኑት በከንቱ አይደለም፤ ይህን ልማድ የሚንቅ ዘመናዊ ሰው ሳያውቅ ይንቃል። ይሁን እንጂ ሸክላ ረቂቅ ቀዳዳ ስላለው የቀደመውን መጠጥ ትራፊ ይደብቃል፤ ለጀማሪ መስታወት ይሻለዋል። ዚንክ የተለበጠ ባልዲ፥ መዳብና እርሳስ ያለበት ቅብ ፈጽሞ የተከለከሉ ናቸው፤ የፍሬው አሲድ ብረቱን ያሟሟዋልና። በእንግሊዝ አገር በዴቮን አውራጃ የፖም ጠጅ ይጠጡ የነበሩ ሰዎች በብርቱ የሆድ ቁርጠት ሲሠቃዩ ከኖሩ በኋላ፥ ሐኪሙ ጆርጅ ቤከር በ1767 ዓ.ም. ምክንያቱ በመጭመቂያው ላይ የነበረው እርሳስ መሆኑን ገለጠ። የጸረ ተባይ መድኃኒት ወይም ላምባ የያዘ ጀሪካንማ ሺህ ጊዜ ቢታጠብ ለመጠጥ አይሆንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 2 ኪሎ የበሰለ፥ ያልሻገተ ኮክ አጥቦ ፍሬውን ማውጣት ያስፈልጋል፤ በፍሬው ውስጥ ያለው አስኳል ሲደቅ ሲያናይድ የተባለውን መርዝ ያወጣልና አብሮ አይወቀጥ። ሥጋውን ጨፍልቆ፥ 600 ግራም ስኳር በ2 ሊትር ፈልቶ በበረደ ውሃ በጥብጦ ይጨምሩበታል፤ የሁለት ሎሚ ጭማቂና አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾም ይገባበታል። አፈ ሰፊው ዕቃ እስከ አፉ አይሞላ፤ አረፋው ይገነፍላል። በንጹሕ ሻሽ ሸፍኖ በቀን ሁለት ጊዜ ማማሰል ነው። ከአምስት ቀን በኋላ አጥልሎ እስከ አንገቱ በሚሞላ አንገተ ጠባብ የመስታወት ዕቃ ይገለበጣል። በውታፉ ውስጥ የሚያልፍ ቀጭን ጎማ ጫፉ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ቢነከር ጋዙ ይወጣል፥ አየር ግን አይገባም።

ከዚህ በኋላ የሚፈለገው ትዕግሥት ነው፤ ጀማሪም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ገና እየፈላ ያለውን ጠጅ ጣፋጭነቱ ሳይጠፋ በጠርሙስ ያሽገዋል። በአንድ ሊትር ውስጥ 24 ግራም ስኳር ቀርቶ በታሸገ ጠርሙስ ቢፈላ፥ ግፊቱ 6 አትሞስፌር ያህል ይደርሳል፤ ይህን የሚችል ወፍራሙ የሻምፓኝ ጠርሙስ እንጂ ተራ ጠርሙስ አይደለም። ሲፈነዳ ስብርባሪው ዓይን ያጠፋል። ሃይድሮሜትር ያለው ሰው ልኩ 1.000 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ለብዙ ቀን ሳይለወጥ መቆየቱን ይመልከት። የሌለው ቢያንስ ሁለት ወር ይታገሥ፤ አረፋው ጠፍቶ፥ ጠጁ ጠርቶ ሳለም እንኳ ክዳኑን አጥብቆ አይዝጋ።

ይህ ጠጅ በመልካም ሁኔታ ከፈላ ከመቶ 10 እጅ ያህል አልኮል ይኖረዋል። ስለዚህ እንደ ጠላ በትልቅ ብርጭቆ የሚቀዳ አይደለም፤ ግማሽ ሊትር የጠጣ ሰው 40 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ጠጥቷል። ለነፍሰ ጡር አይሰጥ፤ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል እየተባለም ለሕፃን አይቀመስ። በጠርሙሱ ላይ ጠጁ የተጣለበት ቀንና «የአልኮል መጠጥ» የሚል ጽሕፈት ይለጠፍበት፤ የኮክ ጭማቂ መስሎት አንሥቶ የሚጠጣ ልጅ በየቤቱ አለና።