ድንቢጥን «ትንሽ ወፍ» ብሎ ማለፍ አይበቃም

በሥነ ጽሑፍ ጥናት የአእዋፍ ስሞች ብዙውን ጊዜ እንደ ጌጥ ይታያሉ፤ ድንቢጥም «ትንሽ ወፍ» ተብላ ትታለፋለች። ይህ አካሄድ የጽሑፎችን ፍቺ ያጎድላል። ድንቢጥ በጽሑፍ ውስጥ የምትሸከመው ትርጉም ከታወቁ ጠባዮቿ ይመነጫልና፦ ከርካሽነቷ፣ በመንጋ ከመኖሯና ከሰው ደጅ ካለመራቋ።

ርካሽነቷን ወንጌል ያሳያል። በማቴዎስ ወንጌል ሁለት ድንቢጦች በአንድ አሳሪዮን፣ በሉቃስ ደግሞ አምስት ድንቢጦች በሁለት አሳሪዮን ይሸጣሉ። በማቴዎስ ሂሳብ ሁለት አሳሪዮን የሚገዛው አራት ድንቢጥ ነው፤ አምስተኛዋ እንግዲህ ምርቃት ናት። የምሳሌው ኃይል ያለው በዚህችው ምርቃት ላይ ነው፤ ለገበያ ዋጋ ያልበቃችው እንኳ በፈጣሪ ዘንድ አልተረሳችም። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ገንዘቡን ወደ ሳንቲም ቢለውጥም ወፏን «ድንቢጥ» ማለቱ ምሥጢሩን ጠብቋል። በደፈናው «ወፍ» ቢላት ኖሮ አንባቢ ለመሥዋዕት የምትቀርበውን ርግብ ሊያስብ ይችል ነበር።

የዕብራይስጡ «ጺፖር» በጠቅላላው ወፍን፣ አንዳንዴም ድንቢጥን ያመለክታል። በመዝሙር 102 በጣሪያ ላይ ብቻዋን የምትታየውን ጺፖር የሰብዓ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም «ስትሩትዮን» ይላታል፤ ድንቢጥ ማለት ነው። ይህ ምርጫ ቀላል አይደለም። ጭልፊት ለብቻው ቢታይ ልማዱ ነው፤ ከመንጋዋ የተነጠለች ድንቢጥ ግን ብቸኝነትን ያለ ተጨማሪ ቃል ትናገራለች።

«ሥነ ጽሑፍ የእንስሳት ሳይንስ አይደለም» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በእርግጥም በኢትዮጵያ ደጋ ከሰው ጋር የምትጎራበተው ራሰ ግራጫዋ ድንቢጥ፣ ፓሰር ስዌንሶኒ፣ በአውሮፓና በመካከለኛው ምሥራቅ ከምትታወቀው ከፓሰር ዶሜስቲከስ የተለየች ዝርያ ናት። አንባቢን ከጽሑፉ ጋር የሚያገናኘው ግን የዝርያ አንድነት ሳይሆን የጠባይ ተመሳሳይነት ነው። ሁለቱም በሰው ቤት ጣሪያ ሥር ጎጆ ይሠራሉ፤ ከደጁም የወደቀ እህል ይለቅማሉ። የደጋው አንባቢ ምሳሌውን ያለ ማብራሪያ የሚረዳው ስለዚህ ነው።

ስለሆነም ተርጓሚም ሆነ ተመራማሪ የወፍ ስም ሲያጋጥመው ቋንቋው ተናጋሪዎች ያችን ወፍ በምን እንደሚያውቋት አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባል፤ መዝገበ ቃላትም መጠኗን ብቻ ሳይሆን ኑሮዋን ሊመዘግብ ይገባል። ሁሉም በአንድነት «ወፍ» ተብሎ ከተጠራ የሚጠፋው ስም ብቻ አይደለም፤ አምስተኛዋ ድንቢጥ ለምን በነፃ እንደተሰጠች የሚረዳ አንባቢም አብሮ ይጠፋል።