ከሴት መልክ አጠገብ የሚጻፈው ቃል የማን ነው?

በሀገራችን ሥዕል መልክና ጽሕፈት ከጥንት ጀምሮ አብረው የኖሩ ጎረቤቶች ናቸው። ወደ አንድ የቆየ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ግድግዳውን የተመለከተ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ሠዓሊው ጻድቁን ወይም ሰማዕቷን ሥሎ ሲጨርስ ብሩሹን አጥቦ አይሄድም፤ ከራሳቸው በላይ ወይም ከእግራቸው በታች ስማቸውን ይጽፋል፤ ታሪክ ያለው ሥዕል ሲሆንም «ዘከመ» ብሎ ጀምሮ የሆነውን ነገር በአጭሩ ያስረዳል። የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚያሳዩት፥ ብዙ ጊዜም በ44 ክፍል የሚከፈሉት ሥዕሎች በየክፍሉ ጽሕፈት አላቸው። ከዚህም ሌላ መልክእ የተባለው የድርሰት ዓይነት የቅዱሱን ወይም የቅድስቲቱን አካል ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እየጠራ የሚያመሰግን ስለሆነ፥ በቃል የተሣለ መልክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በልዩ ልዩ ሀገር የሚገኙ ሴት ሠዓሊዎች የሴትን መልክ ከጽሕፈት ጋራ አዋሕደው ስለ ሴቶች ኑሮና መብት የሚናገር ሥራ ማቅረብ ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗል። ነገሩን ከባሕር ማዶ የመጣ ፈሊጥ ነው ብሎ የሚያልፈው ወጣት ቢኖር፥ አዲስ የሆነው አሠራሩ አለመሆኑን ልናስታውሰው እንወዳለን። አዲስ የሆነው ጥያቄው ነው፤ ይኸውም ከሴቲቱ መልክ አጠገብ የሚጻፈውን ቃል የሚመርጠው ማን ነው የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ በሥራቸው መልስ ከሰጡት ሁሉ ወይዘሮ ፌይዝ ሪንጎልድን ማስቀደም ተገቢ ይመስለናል። (የውጭውን ሀገር ነገር በምንናገርበት ጊዜ ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ወይዘሮ ፌይዝ በ1930 በኒው ዮርክ ከተማ፥ በጥቁሮቹ ሰፈር በሐርለም ተወልደው፥ በ2024 በ93 ዓመታቸው ያረፉ አሜሪካዊት ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ ዊሊ ፖዚ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ከቅድመ አያቶቻቸውም አንዷ በባርነት ዘመን ለጌቶቻቸው ደሪቶ ይሰፉ ነበር። ሠዓሊዋ በ1970 ዊትኒ የተባለው የኒው ዮርክ ሙዚየም ከሚያሳያቸው ሠዓሊዎች ግማሾቹ ሴቶች እንዲሆኑ ከጓደኞቻቸው ጋራ ተሰልፈው የጠየቁ ደፋር ሰው ናቸው።

በ1980 ገደማ ወይዘሮ ፌይዝ የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው የሚያትምላቸው ቢፈልጉ አላገኙም። መጽሐፉ ታትሞ የወጣው በ1995 ነው። እርሳቸው ግን እስከዚያ ድረስ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ቃላቸውን በደሪቶ ላይ ጻፉት። ከጨርቅ ቁርጥራጭ በተሰፋው ደሪቶ ላይ የሰዎችን መልክ በቀለም ይሥላሉ፤ በመልኩ ዙሪያ ወይም በመካከሉ ታሪኩን በእጃቸው ይጽፋሉ። የአሠራሩ ብልኀት ቀላል ነው። ሥዕሉ በኤግዚቢሽን በተሰቀለ ጊዜ ጽሕፈቱ አብሮ ይሰቀላል፤ ፎቶግራፉ በመጽሔት በወጣ ጊዜ ጽሕፈቱ አብሮ ይወጣል፤ ስለዚህ አሳታሚ የሚባል በር ጠባቂ አያስፈልግም። ደሪቶውም ተጠቅልሎ በብብት ተይዞ ይሄዳል፤ እንደ ትልቅ ሸራ ተሸካሚ አይፈልግም።

በ1983 የሠሩት የመጀመሪያው ባለታሪክ ደሪቶ ርእሱ «አክስት ጀማይማን ማን ይፈራል?» የሚል ነው። ይህን ለመረዳት አክስት ጀማይማ ማን እንደ ነበረች ማወቅ ያሻል። በ1889 በአሜሪካ ፓንኬክ ለሚባለው ለስላሳ ቂጣ የተዘጋጀ ዱቄት ለገበያ ወጣ፤ በማስታወቂያውም ላይ ሻሽ ያሰረች፥ ወፍራምና ሁልጊዜ የምትሥቅ የጥቁር ሞግዚት መልክ ነበረበት። በ1893 በቺካጎ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ የጀማይማን ስም ይዘው ቂጣ እየጋገሩ ለሕዝብ የታዩት ሴት በባርነት የተወለዱት ናንሲ ግሪን ነበሩ። መልኩ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ በየወጥ ቤቱ ሲታይ ኖሮ፥ ኩባንያው ስሙን የለወጠው በ2021 ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ከዚያች ሴት መልክ አጠገብ የተጻፈው ቃል የዱቄቱ ስም ነበር። ናንሲ ግሪን የሚለውን ስም በካርቶኑ ላይ ያነበበ የለም።

ወይዘሮ ፌይዝ ይህችን የዱቄት ሴት ወስደው ታሪክ ሰጧት። በደሪቶው ላይ ጀማይማ የራሷ ምግብ ቤት ያላት ነጋዴ ናት፤ ባል አላት፥ ልጆች አሏት፥ ዘመድ አላት፥ ርስት ትወርሳለች፥ ትሞታለች። የቤተሰቡ መልክ በአንዱ አራት ማዕዘን፥ ጽሕፈቱ በሌላው እየሆነ ይቀጥላል። ጽሕፈቱ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አይደለም፤ የሰፈሩ ሰዎች ሲያወሩ እንደሚናገሩት ነው። ተመልካቹ ታሪኩን ለማንበብ መቆም አለበት፤ ቆሞ ባነበበ መጠንም የሚሥቀውን መልክ ብቻ አይቶ ማለፍ አይችልም። ጽሕፈት በመልክ ሥዕል ላይ ዋና አገልግሎቱ ይህ ይመስለናል፤ የተመልካቹን እግር ማሰር።

ነገር ግን ጽሕፈት ሁሉ ይነበባል ማለት አይደለም። በ1957 በኢራን ተወልደው በአሜሪካ የሚሠሩት ሺሪን ነሻት ከ1993 እስከ 1997 ባዘጋጁት «የአላህ ሴቶች» በተባለው ሥራቸው፥ በሴቶች ፎቶግራፍ ላይ፥ በፊታቸውና በእጃቸው ሳይቀር፥ የፋርስ ሴት ባለቅኔዎችን ቃል በቀለም ጽፈዋል። ፋርስኛ የሚያነብ ሰው የሴት ድምፅ ይሰማል። የማያነብ ግን የሚያምር ጥልፍ ወይም ንቅሳት ያያል፤ ብዙ አውሮፓዊም ያየው ይህንኑ ነው። የእኛም ፊደል ወደ ውጭ ሀገር በሄደ ቁጥር ይኸው ዕጣ ይደርሰዋል። ፊደልን ለቅርጹ ውበት ብሎ መሣል መልካም ነገር ነው፤ እንደ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ያሉት ሠዓሊያችን ከዚህ ትልቅ ሥራ አውጥተዋል። ከሴት መልክ አጠገብ ሲሆን ግን፥ የማይነበብ ፊደል መሣል ሴቲቱን ሁለተኛ ጊዜ ዝም ማሰኘት ይሆናል ብለን እንፈራለን።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በጣና ሐይቅ በናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ተደፍተው ተሥለው ይገኛሉ። ቤተ ክርስቲያኑን በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። ቦታው የትሕትና ቦታ ቢሆንም ትእዛዙም ገንዘቡም የእርሳቸው ነበር፤ እንዴት ሆነው እንደሚታዩ ሌላ ሰው አልወሰነባቸውም። የአድዋ ጦርነት ሥዕሎችም እቴጌ ጣይቱን ብዙ ጊዜ በፈረስ ተቀምጠው ሽጉጥ ጨብጠው ያሳያሉ። ለእቴጌዎች እንግዲህ መልክም ስምም አልጠፋም። ለጦሩ ውሃና ስንቅ ያመላለሱት ሴቶች ግን የታሉ?

ተራ የሆነችው ሴት ስሟ ተጽፎ የሚገኘው በሌላ ቦታ ነው፤ በክታብ። በብራናው ጥቅልል ላይ ዓይናቸው የጎላ መላእክት ይሣላሉ፤ በጸሎቱ መካከልም የባለቤቲቱ የክርስትና ስም፥ ወለተ እገሌ ተብሎ፥ ብዙ ጊዜ በቀይ ቀለም ይገባል። ከእነዚህ ክታቦች ብዙዎቹ ለሴቶች፥ በተለይም ለወሊድና ለሕፃናት ጥበቃ የተጻፉ ናቸው። ስለ ክታብ እምነት ሊቃውንት የሚሉትን ለሊቃውንት እንተወው። ለሥዕል ተማሪ ግን ትልቅ ትምህርት አለበት፤ መልክ፥ ጽሕፈትና የአንዲት ሴት ስም በአንድ ብራና ላይ ተገናኝተዋልና። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው እጅ በገባ ጊዜ ግን የፊተኛይቱ ስም እየተፋቀ የሁለተኛይቱ ይጻፍ ነበር። ዛሬም በየሙዚየሙ በፍቀቱ ሥር የቀድሞው ቀለም እንደ ጥላ የሚታይባቸው አሉ።

የዛሬው ዘመን ሥዕላችን ከዚህ የተሻለ አድርጓል ወይ ብንል መልሱ ያሳፍራል። በየሆቴሉና በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ቡና የምታፈላው፥ ጥጥ የምትፈትለው፥ እንስራ ያዘለችው ሴት ተሰቅላለች። ከሥሯ ቢጻፍ የሚጻፈው «ቡና አፍይዋ» ወይም የብሔረሰቧ ስም ነው። ከጎኗ የተሰቀለው ሽማግሌ አርበኛ ግን ከነማዕረጉ ከነአባቱ ስም ተጽፎለታል። በየዓመቱ የካቲት 29 ቀን የሴቶች ቀን በሚከበርበት ጊዜ የሚታተመውም ማስታወቂያ ከዚሁ አይርቅም፤ አንዲት ፈገግ ያለች ሴት አለች፥ ከራሷ በላይም በኮሚቴ የተጻፈ መፈክር አለ። ሴቲቱ መፈክሩን ትበለው አትበለው የጠየቃት የለም። ይህ የአክስት ጀማይማ ካርቶን ዘመድ ነው ብንል የሚቆጣ ይኖራል፤ ይቆጣ።

አንዳንድ መምህራን ጥሩ ሥዕል ጽሕፈት አያስፈልገውም፥ ራሱ ይናገራል ይላሉ። ስለ ተራራና ስለ አበባ ሥዕል ከሆነ እንስማማለን። የሰው መልክ ግን ራሱ የሚናገረው በጣም ጥቂት ነው። ሽበትን ያሳያል፥ ድካምን ያሳያል፤ ሴትዮዋ በስንት ዓመቷ እንደ ተዳረች፥ መሬቷን ማን እንደ ወሰደባት፥ ማታ ትምህርት ቤት ገብታ ስንተኛ ክፍል እንደ ደረሰች አያሳይም። ስለዚህ ጽሕፈቱ ሥዕሉ የተናገረውን የሚደግም ከሆነ ትርፍ ነው፤ ሥዕሉ ሊናገር የማይችለውን የሚናገር ከሆነ ግን ግማሽ አካሉ ነው። «ጠንካራዋ እናት» ብሎ መጻፍ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። እናቲቱ ራሷ ስለ ራሷ የተናገረችውን አንድ ዓረፍተ ነገር፥ ከነአነጋገሯ፥ ሳያርሙ መጻፍ ሁለተኛው ነው።

ለዚህም መጀመሪያ መጠየቅ ያስፈልጋል። ወይዘሮ ፌይዝ በ1971 በራይከርስ ደሴት ላለው የሴቶች ወኅኒ ቤት ትልቅ ሥዕል ሲሠሩ፥ ብሩሽ ከማንሣታቸው በፊት እስረኞቹን ምን ማየት እንደሚወዱ ጠየቁ። ከመልሶቹ አንዱ ከዚያ የሚያስወጣ ረጅም መንገድ ማየት የሚል ነበር። ሠዓሊዋም ሴቶችን በሐኪምነት፥ በአውቶቡስ ነጂነት፥ በፕሬዚዳንትነትም ሣሉ። በ1988 ወኅኒ ቤቱ ለወንዶች በተሰጠ ጊዜ ሥዕሉ በነጭ ቀለም ተቀባ፤ በኋላ ግን ቀለሙ ተነሥቶለት ድኗል። የክታቡ ስም የተፋቀው በምላጭ ነበር፤ ይህኛው በቀለም መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

የሥዕል ተማሪዎች ሆይ፥ መጠየቅ ጊዜ ይወስዳል፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ ማድመጥን ይፈልጋል። የምትሥሏት ሴት ማንበብ የማትችል ብትሆን፥ የጻፋችሁትን በቃል አንብቡላት፤ አይደለም ካለች ለውጡት፤ ስሜ አይውጣ ካለችም አይውጣ። ስምን መሸሸግ የሚያስፈልጋት ሴት አለች፤ ያን የምትወስነው ግን እርስዋ እንጂ ሠዓሊው አይደለም። ፊደሉንም ከሁለት እርምጃ ርቀት እንዲነበብ አድርጋችሁ በእጃችሁ ጻፉት፤ የማተሚያ ፊደል ከመልኩ ጋራ አይስማማምና። ወንድ የሆናችሁ ሠዓሊዎች ደግሞ በሴት አፍ «እኔ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ሁለት ጊዜ አስቡ። ያንን ቃል የሚጽፉ ሴት ሠዓሊዎች ሥራ እንዲያገኙ ማገዝ ይበልጥ ይጠቅማል።

ወጣት የመንግሥት ሠራተኞችም ከዚህ ውጭ አይደላችሁም። ለመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ሥዕል እንዲገዛ፥ ለበዓሉ ማስታወቂያ እንዲታተም ማስታወሻ የምታዘጋጁት እናንተ ናችሁ። በማስታወሻው ላይ የሸራው ስፋት፥ ዋጋውና የሚያልቅበት ቀን ይጻፋል። ከነዚህ ሥር ሁለት መሥመር መጨመር ገንዘብ አያስወጣም፤ አንደኛው «የምትሣለው ሴት ሙሉ ስም» የሚል፥ ሁለተኛው «በሥዕሉ ላይ የሚጻፈውን ቃል የሰጠችው» የሚል። ሁለተኛው መሥመር ባዶ ሆኖ የቀረበላችሁን ማስታወሻ ሳትፈርሙ መልሱት።