ለእንግዳ የታረመ ማሳ

ግቢው ውስጥ ያለው ድንጋይ ኖራ መቀባት ሲጀምር እንግዳ እንደሚመጣ እናውቃለን። ተራ እንግዳ ከሆነ የሚቀባው ከዋናው በር እስከ ዲኑ ቢሮ ያለው ብቻ ነው። ቅቡ እስከ ከብቶቹ በረት ከደረሰ ግን የሚመጡት ደረጃ ሰጪዎች ናቸው።

በአንድ የእርሻ ኮሌጅ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ። ስሙን አልጠራም። ባልጠራውም ከአንድ በላይ ኮሌጅ ውስጥ ያሉ መምህራን «ይሄ የኛን ግቢ ነው የሚያወራው» ማለታቸው አይቀርም።

የዚያን ሰሞን ሽርጉድ ልንገራችሁ። የሠርቶ ማሳያው ማሳ ላይ አረሙ ከበቆሎው በልጦ ነበር። የቀን ሠራተኛ ተቀጥሮ በሁለት ቀን ታረመ። ልብ በሉ! በመቶ የሚቆጠሩ የእርሻ ተማሪዎች ያሉት ኮሌጅ ማሳውን ያሳረመው በቀን ሠራተኛ ነው። ተማሪዎቹማ ክፍል ቁጭ ብለው ስለ አረም መከላከያ ዘዴዎች ኖት ይገለብጡ ነበር። ከቆመ ዓመት ያለፈው ትራክተርም ታጠበ፤ ጎማው ተነፋ፤ ዛፍ ጥላ ሥር ተገፍቶ ቆመ።

እኔስ የት ነበርኩ? የዶክመንት ኮሚቴ ውስጥ። ያልተደረጉ ስብሰባዎችን ቃለ ጉባዔ እጽፍ ነበር። የአንድ ዓመት ስብሰባ በአንድ ሌሊት! እንዳይነቃብን አንዱን በሰማያዊ፣ አንዱን በጥቁር እስክሪብቶ ጻፍኩት። ተሰብሳቢዎቹ በማግስቱ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው ፈረሙ። ስለዚህ ይህንን የምጽፈው እጄ ንጹሕ ስለሆነ አይደለም።

ደረጃ ሰጪዎቹ መጡ። ጨዋና የተማሩ ሰዎች ነበሩ። የያዙት ቅጽ ግን የሚያውቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «አለ ወይ?» ስትራቴጂክ ዕቅድ አለ ወይ? አለ፣ ያውም በቀለም የታተመ። የጥራት ማረጋገጫ ክፍል አለ ወይ? አለ፣ በሩ ላይ ተጽፏል። ትራክተር አለ ወይ? ይኸውና ቆሟል። «ይሠራል ወይ?» የሚል መስመር ቅጹ ላይ አልነበረም። ለምሳ በግ ታረደ። በጉ የተማሪዎቹ መለማመጃ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ «በጣም ጥሩ» ይላል። አጨበጨብን።

በቀጣዩ ክረምት ስልኬ ጮኸ። የዚያ ዓመት ምሩቅ ነው፤ ስንዴ አብቃይ ወረዳ የልማት ሠራተኛ ሆኖ ተመድቧል። የአንድ ገበሬ ስንዴ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆንበት «ማዳበሪያ አንሶት ነው፣ ዩሪያ ጨምሩበት» ብሎ መክሮ ነበር። ገበሬው በብድር ገዝቶ ጨመረ። «መምህር» አለኝ ልጁ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ «ዛሬ ቅጠሉን ስነካው ጣቴ ላይ ቢጫ ዱቄት ቀረ። ምንድን ነው?»

ቢጫ ዋግ ነው። የፈንገስ በሽታ ነው፤ በወቅቱ መድኃኒት መርጨት እንጂ ማዳበሪያ አያድነውም። እንዲያውም ናይትሮጅን ሲበዛለት ይብስበታል። ይህንን በሽታ ለልጁ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ በፕሮጀክተር። ሠርቶ ማሳያችን ላይ ስንዴ ዘርተን፣ ዋግ ሲይዘው አይቶ፣ በጣቱ ዳብሶ ቢሆን ኖሮ አይስተውም ነበር። የዚያ ዓመት የተግባር ትምህርት ግን የተፈጸመው ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱም «በጣም ጥሩ» አግኝቷል።

ዋግ ቀልድ አያውቅም። በ2006 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ዲጋሉ የተባለውን የስንዴ ዝርያ የግንድ ዋግ ሲመታው ስንቱ ማሳ እንደወደመ የአካባቢው ገበሬ ያስታውሰዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ገበሬው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ልማት ሠራተኛው ነው። መንግሥት ለየቀበሌው በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት 3 ባለሙያ ለመመደብ ሲወስን፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በ25 ያህል የእርሻ ኮሌጆች ከ60 ሺህ በላይ ሰው ያሠለጠነውም ለዚህ ነበር። የኮሌጁ ደረጃ የተሳሳተ እንደሆነ ዕዳውን የሚከፍለው ዲኑ አይደለም፤ በብድር ዩሪያ የገዛው ሰውዬ ነው።

«እና ቁጥጥሩ ይቅር ነው የምትለው?» ትሉኝ ይሆናል። ኧረ በጭራሽ! የሙያ ብቃት ምዘናውም፣ በ2015 ዓ.ም. ለዲግሪ ተማሪዎች የተጀመረው የመውጫ ፈተናም ደግ ነገር ነው። ግን ሁለቱም የሚይዙት ተማሪውን ነው። ኮሌጁ ራሱስ በምን ይመዘን? በ1940ዎቹ ከአሜሪካው ኦክላሆማ ጋር በመተባበር ዓለማያ ላይ የእርሻ ኮሌጅ ሲታሰብ ሦስት እግር ነበረው፤ ማስተማር፣ መመራመርና የተገኘውን ለገበሬው ማድረስ። ዛሬ ቅጹ የሚቆጥረው የመጀመሪያውን እግር ነው፤ እሱንም በፋይል ብዛት።

እኔ ደረጃ ሰጪ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። አንደኛ፣ ሳልናገር እመጣለሁ። ሁለተኛ፣ በጥር ሳይሆን በሐምሌ እመጣለሁ፤ የእርሻ ኮሌጅ ያለ ጭቃ አይታይም። ሦስተኛ፣ ፋይሉን ከመክፈቴ በፊት ከክፍል አምስት ተማሪ በዕጣ አውጥቼ «ይህንን ትራክተር አስነሱ፤ ያችን ላም አልቡ፤ ይህ ቅጠል ምን ሆነ?» እላለሁ። አራተኛ፣ ከተመረቁ ሁለት ዓመት የሆናቸውን ባሉበት ቀበሌ ሄጄ ገበሬውን እጠይቃለሁ። ይህ ሁሉ ከአዳራሽ ስብሰባና ከአበል የበለጠ ወጪ አይጠይቅም።

ከኮሌጁ አጥር ማዶ የሚያርሱ አንድ አባት ነበሩ። የእሳቸው ጤፍ ሁልጊዜ ከኛ ሠርቶ ማሳያ ያምራል። በዚያ የኖራ ሰሞን አጥሩን ተደግፈው ሲያዩን ቆዩና ጠሩኝ።

«መምህር፣ ሰዎቹ ምን ሊያዩ ነው የሚመጡት?»

«የኮሌጁን ጥራት፣ አባባ።»

«ከማን ነው የሚጠይቁት?»

«ከኛው።»

ሳቁ። «እኛ በሬ ስንገዛ ሻጩን አናምነውም። አፉን ከፍተን ጥርሱን እናያለን፤ አስኪደን እግሩን እናያለን። ሻጭማ መቼ በሬዬ ሰነፍ ነው ብሎ ያውቃል?»

ያን ጊዜ አብሬያቸው ስቄ ወደ ቃለ ጉባዔዬ ተመለስኩ። ከዚያ የስልክ ጥሪ በኋላ ግን ሳቄ ያሳፍረኛል።