«ቀኑ ነዋ!»

በመስከረም ጂሞች ይሞላሉ። አዲስ ቱታ፣ አዲስ ጫማ፣ የሦስት ወር ክፍያ በአንዴ። ኅዳር ላይ መሮጫ ማሽኑ ያለ ወረፋ ይገኛል። እኔ ጡረታ እስክወጣ የስፖርት መምህር ነበርኩ፤ አሁንም ማለዳ የሰፈሬን ሰዎች ሰብስቤ አሠራለሁ። ያቋረጡትን መንገድ ላይ ሳገኛቸው «ምነው ጠፋችሁ?» እላቸዋለሁ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሙዱ ጠፋብኝ።»

ሙድ የማይጠፋበት ሰው አላጋጠመኝም። ዓመታት የዘለቁትም ቢሆኑ ከአልጋ መውረድ የሚያስጠላቸው ቀን አለ። ከእኛ ጋር አንዲት ጉልት የምትቸረችር እናት አለች። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ትመጣለች፣ ሠርታ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። በሐምሌ ዝናብ ነጠላዋን ተከናንባ ስትመጣ አይቼ «ዛሬ እንኳ ብትቀሪ ምን ነበረበት?» ብላት፣ «ቀኑ ነዋ!» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ መልስ ከየትኛውም አሠልጣኝ አልሰማሁም።

እቁብ የሚጥል ሰው «ዛሬ የመጣል ፍላጎት አለኝ ወይ?» ብሎ ራሱን አይጠይቅም። ቀኑ ታውቋል፣ መጠኑ በአቅሙ ነው፣ ደግሞም የሚጠብቁት ሰዎች አሉ። ለስፖርትም የምመክረው ይህንኑ ነው፤ በተለይ መጠኑ ላይ። ጀማሪዎች በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ አንድ ሰዓት ይሮጣሉ፣ ጉልበታቸው ያብጣል፣ ይቀራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። እያወሩ መሄድ የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ፈጣን እርምጃ ይበቃል። ድርጅቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ እንቅስቃሴው እንዲቆጠር ቢያንስ አሥር ደቂቃ መቆየት አለበት የሚለውን የቀድሞ ገደብ አንስቶታል። ስለዚህ ዝናቡ ሲያይል ቤት ውስጥ የተሠራች አምስት ደቂቃም ትቆጠራለች። እኔ የምፈልገው ያቺ አምስት ደቂቃ በሰዓቷ እንድትሠራ ነው።

በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የለንደን ጥናት 96 ሰዎች አንድን ነገር ልማድ ለማድረግ ስንት ቀን እንደሚፈጅባቸው ተከታትሎ ነበር። አማካዩ 66 ቀን ሆነ፤ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። ጎረቤትህ በአንድ ወር ስለለመደ አንተ ሰነፍ ነህ ማለት አይደለም። ጥናቱ አንድ ቀን መቅረት ልማዱን እንደማያፈርሰውም አሳይቷል። ይህን ለሁሉም እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያቆመው አንድ ቀን በመቅረቱ አፍሮ ነው።

ታመምኩ የሚለኝን ሰው ወዲያው ተመለስ አልለውም፤ ሐኪሙ የፈቀደለትን እንዲሠራ እነግረዋለሁ። አበበ ቢቂላ በ1969 እ.ኤ.አ. በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። በማግስቱ ዓመት እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንድቪል ውድድር፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። እግር እምቢ ሲል ክንድ አለ።

አንድ ነገር ግን ከግለሰብ አቅም በላይ ነው፤ ቦታ። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ከመኪና ነፃ ቀን ደስ ይላል፤ አልፎ አልፎ የሚመጣ ቀን ግን ልማድ አይሆንም። ሰው ከቤቱ በእግሩ የሚደርስበት ሜዳ ይፈልጋል። በየሰፈሩ የትምህርት ቤት ሜዳ አለ፤ ማለዳ ግን በሩ ዝግ ነው፣ እናቶች አስፋልት ዳር ከታክሲ ጋር እየተጋፉ ይራመዳሉ። ርእሳነ መምህራን ከ12 እስከ 1 ሰዓት በሩን ይክፈቱልን። ጥበቃው እንደሆነ ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ነው፤ የሚገባውን ሰው ስም መመዝገብና ሜዳውን ጠርገን መውጣት የእኛ ፋንታ ይሁን።