ዘረ መል አይፈተልም

በ2010 ዓ.ም. መንግሥት ሁለት የሕንድ ድቅል የጥጥ ዝርያዎች እንዲዘሩ ሲፈቅድ፣ ፒያሳ ላይ ማኪያቶውን እያቀዘቀዘ ስለ ባክቴሪያ የሚከራከር ሰው በዛ። አንዱ «ዘራችንን ሊያጠፉት ነው» ይላል፤ ሌላው «ጨርቃ ጨርቃችን ሊነሣ ነው» ይላል። ጄኬሲኤች 1947 እና ጄኬሲኤች 1050 የተባሉት እነዚህ ድቅሎች ቢቲ ጥጥ ናቸው። ከአፈር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረ መል ስለገባባቸው፣ ተክሉ ራሱ ጓይ ትልን የሚገድል ፕሮቲን ይሠራል። በሩን የከፈተላቸው ጥብቁን የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ያላላው አዋጅ ቁጥር 896/2007 ነው። በዚያ ሁሉ ሙግት መሀል ግን አንድ ጥያቄ ሲነሣ አልሰማሁም፤ ዛሬም አልሰማም። ዘረ መሉ የገባበት ጥጥ ራሱ እንዴት ያለ ጥጥ ነው?

ያ ዘረ መል የገባው ትል ለመከላከል ነው፤ ክሩን ለማሻሻል አይደለም። የጥጥ አበባ በፈካበት ቀን ነጣ ያለ ነው፣ በማግስቱ ወደ ሮዝ ይለወጥና ይጠወልጋል። ያን ሰሞን፣ ገና ለጋ በሆነው ፍሬ ውስጥ፣ ከእያንዳንዷ ዘር ቆዳ ላይ ነጭ ጸጉር መብቀል ይጀምራል። እያንዳንዱ ጸጉር አንድ ሕዋስ ነው። ሦስት ሳምንት ያህል ይረዝማል፤ ከዚያ መርዘሙን እየተወ ከውስጥ ሴሉሎስ እየደረበ ይወፍራል። በመርዘሚያው ጊዜ ውሃ የጠማው ተክል ጥጡ ያጥራል። በመወፈሪያው ጊዜ የተጎዳው ደግሞ ስስ ሆኖ ይቀራል፣ ቀለም እንኳ በወጉ አይቀበልም። ርዝመቱንም ጥንካሬውንም የሚወስኑት ብዙ ዘረ መሎች በአንድነት ስለሆኑ አዳቃዩ አንዱን ሲያቀና ሌላው ይጎድልበታል። ምርቱ የበዛ ዝርያ ብዙ ጊዜ ጥንካሬው ደከም ይላል።

ቡርኪና ፋሶ ይህን በገንዘቧ ተማረችው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቢቲ ጥጥ ለገበሬዎቿ አዳረሰች፤ ዘረ መሉ የገባውም በራሷ ዝርያዎች ላይ ነበር። የመድኃኒት ርጭቱ ቀነሰ፣ ገበሬው ወደደው። ጥጡ ግን አጠረ፣ ሲዳመጥ የሚገኘውም መጠን ቀነሰ። አገሪቱ በገበያ የታወቀችው በረጅም ጥጧ ነበርና የጥጥ ኩባንያዎቹ ኪሳራውን ሊሸከሙት አልቻሉም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ግድም ወደ ድሮው ዘራቸው ተመለሱ። ይህን ታሪክ ለሁለቱም ወገን ተርኬ ያስደሰትኩት ሰው የለም። ለተቃዋሚው ትሉ መቀነሱ አይጥመውም፣ ለደጋፊው ጥጡ ማጠሩ።

ከጊዮርጊስ ቁልቁል ነጠላና ጋቢ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። «እማማ፣ ንጹሕ ጥጥ ነው?» ብላቸው መልስ ሳይሰጡኝ ከነጠላው ጫፍ አንድ ማግ፣ ከጥለቱ አንድ ክር መዝዘው ክብሪት ጫሩ። ማጉ ቦግ ብሎ ነደደና ስትነኩት የምትበን ግራጫ አመድ ሆነ። የጥለቱ ክር ተሸማቆ ቀለጠ፤ ሲበርድ ጥቁር ደረቅ እንክብል ሆነ። «ልጄ፣ ማጉ የእጅ ነው። ጥለቱን አልዋሽህም፣ የመጣበትን አላውቀውም» አሉኝ። ፈታዮቻቸው ስለ ጥጡ ምን እንደሚሉ ጠየቅኋቸው። «የድሮው ይሻላል ይላሉ። ያሁኑ ስትዳምጠው ዘሩን አይለቅም፣ እጅ ይጨርሳል።»

«የድሮው» ቀላል ነገር አይደለም። በአራተኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዒዛና ወደ ኖባ ዘምቶ ያጠፋውን ሲያስቆጥር የጥጥ ክምችትም ጠቅሷል። ያ ጥጥ የአሜሪካ ዝርያ ሊሆን አይችልም። የአፍሪካና የእስያ ጥንታዊ ጥጦች 26 ክሮሞሶም አላቸው፤ ዛሬ ከዓለም ምርት ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሸፍነው የአሜሪካው ግን 52። ጥጡም ረዘም ያለ ነው፤ ለፋብሪካ ተመራጭ ያደረገውም ይኸው ነው። መዳመጫውን ድንጋዩ ላይ ለምታንከባልለው ሴት ይመቻት እንደሆነ ግን በፋብሪካ መሣሪያ አይለካም። የዝርያ መመዘኛ ሲዘረዘር ርዝመት፣ ጥንካሬ፣ ማይክሮኔር (የጥጡ ቅጥነትና ብስለት መለኪያ)፣ የመዳመጥ መቶኛ ነው፤ ሁሉም ለማሽን ነው።

አዋሽ ዳር፣ አሚባራ ላይ ያለው የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል ጥጥ ማጥናት የጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ሥራው ብዙ ነው፣ ያወጣቸውም ዝርያዎች ብዙ ናቸው። ቢሆንም ማሳው ላይ ለአሥርተ ዓመታት የነገሠው ዲፒ 90፣ ማለትም ዴልታፓይን፣ የሚሲሲፒ ተወላጅ ነው። ያም ቢሆን በንጽሕናው አልቆየም። የተለያየ ማሳ ጥጥ አንድ መዳመጫ ገብቶ፣ ዘሩ ተደባልቆ ለከርሞ ወደ ገበሬው ሲመለስ የአዳቃዩ ድካም ከዓመት ዓመት ይሟሟል። አንድ ዝርያ ተዳቅሎ፣ ተመርጦ፣ በየቦታው ተፈትኖ እስኪወጣ አሥር ዓመት ግድም ይፈጃል፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ስንት ሚኒስትር እንደሚቀያየር አንባቢ ይቁጠረው። ተንዳሆ ላይ የጥጡ መሬት ለሸንኮራ አገዳ የተሰጠውም እንዲሁ በአንድ የዕቅድ ዘመን ነው።

ይህን ሁሉ ስል ቢቲ ጥጥ ይታገድ ማለቴ አይደለም። ትል የበላው ፍሬ ለማንም አይጠቅምም። ነገር ግን ድቅል ነው፤ ገበሬው ከምርቱ ዘር ቢያስቀር በሁለተኛው ዓመት ማሳው የተዘበራረቀ ይሆንበታል፣ በየዓመቱ መግዛት አለበት። ያንን አንድ ፕሮቲን የለመደ የጥጥ ትልም ጉጃራት ውስጥ ከታየ ዓመታት አልፈዋል። በገዛነው ዘረ መል ተማምነን አዳቃዩንና ዘር አባዡን ከረሳን፣ ትሉ ሲለምደው የምንመለስበት የራሳችን ጥሩ ዘር አይኖረንም።

ወረርም ሆነ ሌላው ለምዝገባ የሚያቀርበውን እጩ ዝርያ፣ ያልተዳመጠውን ጥጥ በኪሎ እያደረገ ለፈታዮች ይስጥ። ይዳምጡት፣ ይባዝቱት፣ ይፍተሉት። ክሩ ስንት ጊዜ እንደተበጠሰና ዘሩ ምን ያህል እንዳስቸገረ ይናገሩ፤ የተናገሩትም ከማይክሮኔሩ ጎን ባለ ዓምድ ይጻፍ። ወጪው ከአንድ ዐውደ ጥናት የሻይ ዕረፍት አይበልጥም።